ዜድና ዋይ የተቀያየሩበት ታይፕ

መቱ ውስጥ አሮጌ የቢሮ ዕቃ በጨረታ ሲሸጥ አልቀርም ነበር። ሌላው ወንበርና ቁም ሳጥን ሲያማርጥ እኔ የጀርመን ታይፕ እፈልጋለሁ። አራት ሆነው ሳሎኑን ሲያጣብቡት ባለቤቴ፣ «አምስተኛው ሲመጣ እኛ የት እንደምንቀመጥ ከወዲሁ አስብበት» አለችኝ።

አምስተኛው ከመቱ ብዙም በማይርቀው ቡሬ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ ታይፒስት ቤት እንዳለ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ነገረኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። ታይፑ መስኮት ሥር፣ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ይሸጡልኝ እንደሆነ ብዬ ነው» አልኳቸው።

«ሌላ አለህ?»

«አራት አለኝ።»

«ምን ትጽፍባቸዋለህ?»

«ምንም። አቧራቸውን እየጠረግሁ አያቸዋለሁ።»

አልሳቁብኝም። ቁጭ በል አሉኝና የራሳቸውን አወጉኝ።

የሚሠሩበት ቢሮ ሥራ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ ሲዞር ዕድሜያቸው አርባን አልፎ ነበር። ቋንቋውን ከጎረቤት ጋር አሳምረው ያወሩታል፤ በቁቤ ግን አንድ መስመር ጽፈው አያውቁም። ቢሮው ውስጥ የላቲን ፊደል ያለው ታይፕ ማንም የማይነካው ይኸው የጀርመኑ ብቻ ነበር። በየምሳ ሰዓቱ እየቀሩ ተለማመዱበት። ዜድና ዋይ ግን ከሌሎቹ ታይፖች በተለየ ተቀያይረው የተቀመጡበት ነው። ጣታቸው ይህንኑ ስለለመደ፣ በኋላ አዳዲሶቹ ሲመጡ «አዎ» ለማለት «ኤዬ» ብለው የጻፉት ሁሉ «ኤዜ» ሆኖ ይወጣ ጀመር።

«ጡረታ ስወጣ እሱንም አብረው አሰናበቱት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ለገበሬው ማመልከቻ ሲጽፉበት ኖረዋል። አሁን የቀለም ሪቫኑ ደርቋል፤ ወረቀት የሚይዘውን ክፍል የሚጎትተው ገመድም ተበጥሷል። እውነቱን ለመናገር ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። የማይሠራ ዕቃ አይከለክሉኝም ብዬ ነው።

ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ይንቀጠቀጣል።

«ብዕር አልጨብጥበትም። ቁልፍ መምታት ግን አያቅተኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጉዳይ ጽፌአለሁ፤ አሁን ለልጆቼ የምተወው የራሴ አለኝ።»

ስለ ሽያጩ ደግሜ ለማንሳት አፈርኩ።

በሳምንቱ፣ ካሉኝ ሁሉ ከምሳሳለት ታይፕ ላይ ገመዱን ፈትቼ፣ ሪቫኑንም በማኅተም ቀለም አርሼ ተመለስኩ። ገመዱን ገጥሜ እስክጨርስ ከሰዓት ሆነ። እትዬ ወንበራቸውን ስበው ወረቀት አስገቡ። መጀመሪያ ቀስ እያሉ፣ ኋላ ግን ፈጠን ፈጠን እያሉ መቱ። እጃቸው ቁልፉ ላይ ሲያርፍ መንቀጥቀጡን ተወ። ምን እንደጻፉ ላለማየት ወደ ደጅ ወጣሁ።

ክረምቱ እስኪገባ ሁለት ሪቫን ጨረሱ። ሦስተኛውን ከሌላው ታይፔ ፈትቼ ይዤ ስሄድ፣ የተጻፈው ወረቀት ጠረጴዛው ዳር ተከምሯል።

«ሊያልቅ ነው?» አልኳቸው።

«የት ያልቃል? ገና ሥራ የተቀጠርኩበት ዓመት ላይ ነኝ» አሉኝ።