የሞተ የሌለበት ድንኳን

ዛሬ ከኮንዶሚኒየማችን ስወጣ ዝናብ የመታው የለቅሶ ድንኳን ሸተተኝ። ያው የልጅነቴ የኮልፌ ሽታ ነው።

ያኔ ሰፈራችን ሊፈርስ ሲል፣ የእድሩን ድንኳን ማን ይውሰደው ተብሎ ጭቅጭቅ ተነሳ። ሰብሳቢው ጋሽ ወልዴ ቆጣ ብለው፣ "ትከሉት!" አሉ።

"የሞተ የለም እኮ፣ ጋሽ ወልዴ" አለች እናቴ።

"አንቺ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ጎረቤትሽ ሌላ ጋ ልትሄዱ አይደል? እኔ ስሞት ማን ይነግራችኋል? ዛሬውኑ አልቅሱልኝ።"

ድንኳኑ ተተከለ፤ ንፍሮም ተቀቀለ። ጋሽ ወልዴ መሃላችን ተቀምጠው ከንፍሮው ዘገኑ። ቀና ብሎ ያያቸው አልነበረም።

ዛሬ የኮንዶሚኒየማችንን ዘበኛ ማን እንደሞተ ጠየቅሁት።

"ከበርዎ ፊት ለፊት ያሉት አባት ናቸው" አለኝ።

ስማቸውን ብጠይቀው እሱም አያውቀውም።