የተሰነጠቀው ማንደጃ

ሰው ቤት ተከራይታችሁ፣ ልጥቀም ብላችሁ የነካችሁት ዕቃ ተሰብሮባችሁ ያውቃል? እኔ ደርሶብኛል። በደርግ ጊዜ ጨንቻ የተመደብኩ ጀማሪ መምህር ነበርኩ። የአከራዬ ልጅ አራስ ናት፤ ክፍሏን የሚያሞቀው አንድ የሸክላ ማንደጃ ብቻ ነው። አንድ ማለዳ ከሰሉ በከንቱ እንዳያልቅ ብዬ ቀዝቃዛ ውኃ ቸለስኩበት። የጋለ ሸክላ በድንገት ሲቀዘቅዝ እንደሚሰነጠቅ ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ማንደጃው ጧ ብሎ ከአፉ እስከ ሥሩ ተተረተረ።

ሌላ እንዳልገዛ ሸክላ ሠሪዎቹ የሚመጡት በገበያ ቀን ነው፤ ቆላ ወዳለው የሲቀላ ገበያ የሚወርደውን መንገድም ዝናብ ቆርጦታል። አራሷ ከነልጇ ማድ ቤት ገባች። ሕፃኑ በጭሱ ሲያስል በግድግዳው በኩል ይሰማኛል።

«ከጓሮ የቦካ ጭቃ አለልህ» አሉኝ አከራዬ።

ለቤት ምርጊት ብለው ከእበትና ከገብስ ጭድ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ያቦኩት ነው። የከደኑበትን የእንሰት ቅጠል ሳነሳ ሽታው ሰነፈጠኝ። ላዩ አረንጓዴ አረፋ ይዟል፤ ከሥሩ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሳሉ። ቶሎ መልሼ ከደንኩት።

ንጹሕ ቀይ አፈር በውኃ ለውሼ ስንጥቁን ደፈንኩ፤ ዙሪያውን በሽቦ ጠፈርኩት። የሽቦውንም ጥቅም ለአከራዬ በሰፊው አብራራሁላቸው። ከሰል ሲቀጣጠልበት አፈሩ ተኮማትሮ ረገፈ፤ ፍሙ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«መምህር፣ ሽቦህስ ጥሩ ነው፤ በግ ይታሰርበታል» አሉ። «አሁን ታቦካለህ ወይስ ልጁ ጭስ ውስጥ ይክረም?»

«እማማ፣ በአካፋ ላገላብጠው?»

«ጓል ይቀርበታል፤ በእጅ ነው። ጠመኔ የያዘ እጅ እበት አይነካም የሚል አዋጅ ወጣ እንዴ?»

እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን ከተትኩ። ጭቃው ለብ ያለ ነው። ያ ለብታ ከሽታው ይበልጥ አንገፈገፈኝ። በጣቶቼ መሃል እየተሙለጨለጨ ይወጣል። ትሎቹን ልለቅም ስል፣ «ተዋቸው፣ እሳቱ ይጨርሳቸዋል» አሉኝ። ይሄኔ እንሰቱ ሥር ሄጄ ቁርሴን አስመለስኩ። ተመልሼ አቦካሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጭዱ አፈሩን አስተሳስሮ ይይዘዋል፣ የቦካው እበት ያጣብቀዋል፤ ስለዚህ ሲደርቅ አይፈረፈርም። ስንጥቁን ከውስጥም ከውጭም ለቀለቅኩት፤ እሳት ዳር ሁለት ቀን ደረቀ። ከሰሉ ሲቀጣጠል የተቃጠለ እበት ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ጥገናው ግን ያዘ። አራሷ በዚያው ቀን ክፍሏ ተመለሰች።

እኔ ከቀበሌ በራሽን የደረሰኝን ሳሙና እጄ ላይ ጨረስኩ። በአመድም በሎሚም አሸሁት፤ ጥፍሬ ሥር የገባው አልለቅ አለ። ባልደረቦቼ ጉርሻዬን መቀበል ተዉ። እኔም ብሆን እጄ አፌ አጠገብ ሲደርስ ምግቡ ይዘጋኛል። ማንደጃችሁ ከተሰነጠቀ እናንተም በዚሁ መንገድ ሞክሩት፤ አደራ፣ በግራ እጃችሁ አቡኩት።