የደመቀች ሁለተኛው ድስት

ጎረቤቴ ደመቀች ሞያሌ ላይ፣ በኬንያ በኩል፣ ምግብ ቤት ከከፈተች ብዙ ዓመቷ ነው። ወጥ ቤቷ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በግራ የክርስቲያን ድስት፣ በቀኝ የእስላም ድስት፣ እጀታው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበት። ቢላው ሌላ፣ ጭልፋው ሌላ፣ ማሰሻ ጨርቁ እንኳ ሌላ። የእስላሙን ፍየል የሚያርድላት የቡቲዬ ሰፈሩ ሙስሊም ጉራቻ ነው። ሙስሊሙ ቦረና ከሐበሻ ሾፌሮች ጋር አንድ ጠረጴዛ ከቦ የሚበላው ይህን ስለሚያውቅ ነበር።

በምርጫው ሰሞን ሱራ የሚባል የካውንቲ ምክር ቤት ዕጩ፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለሚሰበሰበው ሰው ምሳ አዘዛት። ዓርብ ለእሷ ጾም ነው፤ የክርስቲያኑ ድስት ታጥቦ ተደፍቷል። ጉራቻ ፍየል አረደ፣ እሷ ጨዉን ሳትቀምስ በግምት ጨምራ ሠራች። ሰው በልቶ፣ አመስግኖ ሄደ።

በማግስቱ ዋትስአፑ ሁሉ በአንድ ፎቶ ተሞላ። ደመቀች ቢላ ይዛ፣ ከተገፈፈ በግ አጠገብ ቆማ ትስቃለች። ከሥሩ «ሱራ ሙስሊሞችን የክርስቲያን ሥጋ አበላ» ይላል። ፎቶው የፋሲካ ነው። ያነሣትም የላከውም በቦዳቦዳ፣ በሞተር ታክሲ፣ ሰው የሚያመላልሰው ቦሩ ነው፤ ያን ዕለት እንኳን አደረሰሽ ሊላት መጥቶ!

ሱራ ዘንድ ሄደች።

«ተናገርልኝ እንጂ።»

«ማማ፣ ምርጫው እስኪያልፍ ዝም በይ። ስምሽን ባነሣሁ ቁጥር ድምፅ ይሸሸኛል።»

ጉራቻ ግን ዝም አላለም። መስጊዱ በር ላይ ቆሞ፣ «በገዛ እጄ፣ ቢስሚላህ ብዬ ያረድኩት ነው!» አለ።

«ሱራ ስንት ሰጠህ?» ብለው ሳቁበት።

እኔን የሚያበግነኝ ይህ ነው፤ ፎቶው ላይ ያለው በግ፣ ሰዉ የበላው ግን ፍየል ነው። ይህን ልብ የሚል አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?

ሱራ ተሸነፈ። ቦረናዎቹ ደመቀች ቤት መምጣት ተዉ፤ ሥጋው እያደረ ተበላሸባት። ከዚያ አንድ ጠዋት ቦሩ ሞተሩን በሩ ላይ አቁሞ ገባ።

«ማማ፣ ጥብስ! የኛን።»

«የእናንተን ድስት ለጉራቻ ሚስት ሰጠኋት።»

«ለምን? እሱ እኮ ፖለቲካ ነበር፣ አለቀ።»

«የሚበላበት ሰው ጠፋ።»

«ኧረ እኔ እበላለሁ!»

ደመቀች ጠረጴዛውን መወልወሏን ሳትተው፣ «አንተማ ትበላለህ» አለችው። «ውሸት መሆኑን ታውቃለህ።»