ኣስገዶም ተከዜን እንዴት ተሻገረ

መምህር ኣስገዶም ሁመራ ላይ ታሪክ ሲያስተምር የሚሞትለት ምዕራፍ አንድ ብቻ ነበር፦ የጥንት ሮማውያን ጸሐፊዎች ስለ ቄሣሮቻቸው ሕይወት የጻፉት። «ጦርነቱንማ ማንም ይጽፈዋል» ይል ነበር። «እነዚህ ግን አንዱ ቄሣር ፀጉሩን ወደ ፊት እያበጠረ መላጣውን እንደሚሸፍን፣ ሌላው ነጎድጓድ ሲሰማ አልጋ ሥር እንደሚገባ ሳያፍሩ ጻፉ። ነውሩን ከደበቃችሁለት ሰውየውን አልጻፋችሁትም!» ይህን ሲል የራሱ ፀጉር ከጆሮው በላይ ተነሥቶ መላጣው ላይ ተኝቷል። ተማሪዎቹ ያያሉ፤ እሱም እንደሚያዩት ያውቃል።

ከጦርነቱ ሸሽቶ ሱዳን ውስጥ ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ከገባ ወዲህም ዕውቀቱ ሥራ አላጣም። ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ሁሉ የሕይወት ታሪኩን የሚያስጽፈው እሱ ዘንድ ነው። «ፈርታችሁ ከነበረ ፈርተን ነበር በሉ» እያለ ስንቱን አስለቅሶ ጻፈ።

በመጨረሻ የራሱ ተራ ደረሰ። የልጁ የሶሊያና የልብ ሕመም እዚህ አይታከምም፤ ውጭ አገር እንድትታከም የቤተሰቡ ፋይል ማለፍ አለበት። ኣስገዶም ብዕሩን አነሣ፤ ምን እንደነካው እንጃ፣ «ቤተሰቤን አዝዬ ተከዜን አሻገርኩ» ብሎ ጽፎት አረፈ። ኧረ ጉድ! ዋና ቀርቶ ባልዲ ውኃ የሚያስደነግጠው ሰው!

የስደተኞች ቢሮ ባለበት ሾዋክ ከተማ ባልና ሚስት ለየብቻ ነው የሚጠየቁት። ሚስቱ መብርሂት «ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ እሱን በኮሌታው ጎትቼ አሻገርኩ» አለች። ቃላቸው አልገጠመም፤ ፋይሉ ታገደ።

«አዝዬ? አንተ?» አለችው ቤት ሲገቡ። «ለስምህ ብለህ በልጄ ነፍስ ትጫወታለህ?» ኣስገዶም ሶሊያና ከውኃ ቧንቧው እስከ ቤት ሦስት ጊዜ አርፋ ስትመጣ እያየ አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

በወሩ እንደገና ተጠሩ። ኣስገዶም ያለችውን አንዲት የክብር ሸሚዝ ለብሶ ቀድሞ ገባና እውነቱን ዘረገፈው። ቀጥላ የገባችው መብርሂት ግን፣ በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቀው ሴት፣ ፋይሉ እንዲያልፍ ብላ «የመጀመሪያው ቀን ተደናግጬ ነው፤ ያሻገረን እሱ ነው» አለች።

አማርኛ የሚችለው የቢሮው ሠራተኛ ሙዘይን ሁለቱንም አንድ ላይ ጠራቸውና ራሱን ያዘ። «ያ ኡስታዝ፣ አንተ መምህር፣ ዛሬም አልገጠመም! የትኛውን ልጻፍ?»

«የእኔን!» አሉ ሁለቱም እኩል።

ኣስገዶም ተነሣና ጀርባውን ሰጠው። «እይልኝ፣ ወንድሜ፤ ተከዜን የተሻገርን ቀን የለበስኩት ሸሚዝ ነው።» ኮሌታው ከኋላ እስከ ትከሻው ተቀዶ፣ መጠለያው ውስጥ በተገኘ ጥቁር ክር ተሰፍቷል። በደንብ እንዲታይ አንገቱን ሲደፋ፣ በስንት ልፋት የተኛው ፀጉር ተንሸራቶ ፊቱ ላይ ተንጠለጠለ፤ መላጣው ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ሙዘይን ሳቁን ዋጥ አድርጎ ብዕሩን አነሣ። መብርሂት አሳዝኗት ፀጉሩን ልትመልስለት እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አላት። «መጀመሪያ ይጻፍ።»