ድንኳን ሰባት ውስጥ የነበረው በርኩማ

ወንዝ ዳር ባለው የቱሪስት ሎጅ ሥራ በጀመርኩበት ቀን መጀመሪያ የተማርኩት ወደ ኋላ መሄድ ነው። ድንኳኑን አጽድተን ስንወጣ በረንዳው ፊት ያለውን አሸዋ በመጥረጊያ እየሳብን፣ የራሳችንን ዱካ እያጠፋን ወደ ኋላ እንሄዳለን። ሱፐርቫይዘራችን ሰላም “እንግዳው ሰው ያልረገጠው አገር የመጣ እንዲመስለው ነው” አለችኝ። ዞር ብዬ ሳይ ከወንዙ ማዶ የሰው ማሽላ፣ ከበላያችን የኮልቾ መንደር ጭስ፣ አሁን በጠረግኩት አሸዋ ላይ ደግሞ የሦስት ፍየል ኮቴ። ፍየሎቹን ማንም አላሠለጠናቸውም።

እኔ የጂንካ ሰው ነኝ፣ ነገዴም አሪ። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ልጅ አዝዬ ቀይ አፈር ገበያ ጨውና በርበሬ እሸጥ ነበር፤ ከዚያ ካኮ፣ ከዚያ ወደ ታች ወደ ቆላው። እግሬ አንድ ቦታ መቀመጥ አይወድም። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ይህንንም እኔ እያወራሁ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። ገበያ ግን የሐመርን ቋንቋ አስተማረኝ፤ የኮልቾ ሰዎች፣ ካሮዎቹም፣ በሱ ይሰሙኛል። ሎጁ የቀጠረኝ ለልብስ አጣቢነት ነበር። ወር ሳይሞላ አጣቢም፣ ድንኳን አጽጂም፣ አስተርጓሚም ሆንኩ። ዩኒፎርሙ ግን ያው አንድ ነበር።

ሥራውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። አንሶላው እንደ ከበሮ ይወጠራል። ፍራሹ ሥር በዱላ ጊንጥ ይፈለጋል፤ ከተገኘ ለእንግዳው አይነገርም። ፎጣው ታጥፎ ወፍ ይደረጋል፤ ውጭ ስንት ዓይነት ወፍ እየጮኸ እኛ በፎጣ ወፍ እንሠራለን። አመሻሽ ላይ ደግሞ ሙቅ ውሃ የተሞላ የጎማ ከረጢት አልጋው ውስጥ ይከተታል። በዚያ ሙቀት! እኛ ራሳችን ወንዙ ውስጥ ብናድር ደስ ይለን ነበር።

“ምን ያደርግላቸዋል?” አልኳት ሰላምን።

“ስታንዳርድ ነው፣ እማማ።”

ስታንዳርድ ማለት ማንም ያልጠየቀው ነገር መሆኑ ያኔ ገባኝ። አንዲት እንግዳ ጠዋት ከረጢቱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ መለሰችልን፤ የሞተ ነገር መስሏት ነበር።

አንድ ክረምት ሎጁን የሚያሳምር ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። ቀጭን ሰው ነው፣ ሁሉን ነገር ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያያል። በየድንኳኑ አንድ አንድ የአገሬው ዕቃ ይቀመጥ አለ። የመንደሩ ሰዎች በርኩማ ጠርበው አመጡ። የዚያ አገር ወንድ በርኩማውን ይዞ ነው የሚዞረው፤ ይቀመጥበታል፣ ሲጋደም ይንተራሰዋል። ባለሙያው አንድ በአንድ እያገላበጠ መለሰው። “ይሄ አዲስ ነው። ያረጀ፣ ላብ የጠጣ አምጡልኝ” አለ።

አንድ የመንደሩ ጎልማሳ አንድ ጥቁር፣ ከቅባት ብዛት የሚያብረቀርቅ፣ የተሰነጠቀ እግሩ በሽቦ የተጠፈረ በርኩማ ይዞ መጣ። ባለሙያው ሊስመው ምንም አልቀረው። በርኩማው ተገዝቶ ድንኳን ሰባት ገባ።

ሰላም “ድንኳን ሰባትን አጽጂ” አለችኝ። አጸዳሁ። በርኩማውንም በሳሙናና በብሩሽ ፈትጌ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ እንደ አዲስ አድርጌ መለስኩት።

“እማማ! ምን አደረግሽ?” ብሎ ጮኸ ባለሙያው።

“ቆሽሾ ነበር፣ አጠብኩት።”

“ቆሻሻው ነው እኮ የተገዛው!”

ከዚያ ቡናማ የጫማ ቀለም አምጥቶ በጨርቅ ቀባው። መታጠቢያ ቤት፣ ሽንት ቤት መቀመጫው አጠገብ አቆመውና ሦስት ጥቅል ሶፍት ደረደረበት። ከሥሩ የንብረት ቁጥር ተጻፈበት። እኔም በየቀኑ አቧራውን ስወለውል ከረምኩ። የማን ነው ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

ዝናቡ ካበቃ በኋላ የሎጁ ባለቤቶች ከውጭ እንግዶች ጋር ሊመጡ ሆነ። ማናጀራችን አቶ ዳንኤል የኮልቾ ሽማግሌዎች መጥተው ሎጁን እንዲመርቁ ለመነ። ከምርቃቱ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ አንዱ ሽማግሌ፣ ኦይታ፣ ነገሩን ሊያዩ ወረዱ። አቶ ዳንኤል እያዞረ ያሳያቸዋል፣ እኔ አስተረጉማለሁ። አልጋውን አዩ፣ የፎጣውን ወፍ አዩ። “ይበላል?” አሉኝ። አይበላም አልኳቸው።

ድንኳን ሰባት መታጠቢያ ቤት ስንገባ ነጩን መቀመጫ አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

“ቤት ውስጥ?”

“አዎ፣ ቤት ውስጥ።”

ሊስቁ ጀምረው አቆሙ። ዓይናቸው ሶፍቱ ላይ ነበር። ጥቅሎቹን አንድ በአንድ አንስተው መሬት አስቀመጡ። በርኩማውን ገልብጠው ሽቦውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ አሽትተው መልሰው አስቀመጡት፤ ሶፍቱንም እንደነበረ መልሰው ደረደሩ። ወጥተው በረንዳው ፊት፣ እኔ በጠረግኩት አሸዋ ላይ፣ ባዶ መሬት ተቀመጡ።

“ልጄ በርኩማህን ወንዝ ወሰደው ነበር ያለኝ” አሉ። “ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ማነው ያጠበው?”

“እኔ ነኝ” አልኩ።

“ስንት ዓመት የተንተራስኩበትን የጭንቅላቴን ወዝ አጥበሽ ደፋሽው፣ የአሪ ልጅ።”

አቶ ዳንኤል “ምን አለ?” አለኝ። ነገርኩት።

“አዲስ እንገዛለታለን በይው።”

“አዲሱ ላይ እሱ ይቀመጥ” አሉ ኦይታ። “እኔ መሬት እየተቀመጥኩ ሌላውን አልመርቅም። ሌሎቹም አይመጡም።”

አቶ ዳንኤል ወደ እኔ ዞሮ “ንብረት ነው፣ እማማ፣ ቁጥር ተሰጥቶታል። ዋናው ቢሮ ሳይፈቅድ ማውጣት አልችልም” አለኝ። ዋናው ቢሮ አዲስ አበባ ነው። ሽማግሌው መሬት ላይ ናቸው። ሁለቱን የሚያገናኝ ኔትወርክ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ የለም።

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ኦይታ ካሰሩት ሽቦ በቀር የሚታወቅ ነገር በርኩማው ላይ አልቀረም፤ የቀረውን ያጠፋው ደግሞ ልጃቸው አይደለም፣ ባለሙያውም አይደለም፤ እኔ ነኝ። በማግስቱ ረፋድ ላይ እንግዶቹ በጀልባ ሲወጡ ሶፍቱን አነሳሁና በርኩማውን በቆሸሸ አንሶላ ጠቅልዬ አዘልኩት። በር ላይ ጥበቃው ታደሰ አስቆመኝ።

“ምንድነው፣ እማማ?”

“አንሶላ።”

ነካ አድርጎ ዳሰሰው። “አንሶላው እግር አውጥቷል።”

“በደንብ ሲወጠር ያወጣል።”

ሳቀና የበሩን ገመድ ከፍ አደረገልኝ።

ኮልቾ ወጥቼ ፈታሁት። መንገድ ላይ የጫማ ቀለሙን በአንሶላው ፈግፍጌ አንስቼዋለሁ፣ ቅቤም ገዝቼ ቀብቼዋለሁ። ኦይታ አሸተቱት። “አሁንም ሳሙና ሳሙና ይላል” አሉ። ከዚያ መሬት አስቀምጠው ተቀመጡበት። እኔም ምስጋና ፍለጋ አልሄድኩም፤ ሥራዬን አበላሽቼ ነበር፣ ላስተካክል ነው የሄድኩት።

ስመለስ አቶ ዳንኤል ቢሮው ጠራኝ። “ዕቃው የት ነው?”

“ሽማግሌው ተቀምጠውበታል። ከፈለጉ ሄደው ከሥራቸው ይሳቡት።”

አልሄደም። ማህተም የተመታበት ደብዳቤ ሰጠኝ። ማንበብ እንደማልችል ረስቶታል። መልሼ ሰጠሁትና “ያንብቡልኝ” አልኩት። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ “የድርጅቱን ንብረት ያለ ፈቃድ ከግቢ በማውጣትሽ...” ብሎ ጀመረ።

“የማንን ንብረት?” አልኩት።

ከመጀመሪያው ጀመረ። “የድርጅቱን ንብረት...” እዚያው ጋ ደርሶ ቆመ። ሦስተኛ ጊዜ አልሞከረም። ደብዳቤውን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ሽማግሌዎቹ በምርቃቱ ቀን መጡ። ኦይታ በርኩማቸው ላይ ተቀምጠው መረቁ፤ የሎጁ ባለቤቶችም እያዩ “ዲዛይኑ ግሩም ነው” አሉ። ድንኳን ሰባት ውስጥ ሶፍቱን የፕላስቲክ በርጩማ ላይ አደረግነው። ቅሬታ ያቀረበ እንግዳ የለም።

እዚያ ብዙ ዓመት ሠራሁ፣ አዳዲስ ልጆችም አሠለጠንኩ። አንሶላ መወጠርና ጊንጥ መፈለግ በሁለት ቀን ይለመዳል። ዱካችሁን ማጥፋት ግን አላስተምራችሁም፣ እላቸው ነበር። ዕቃ ከመወልወላችሁ በፊት የማን እንደሆነ ጠይቁ።