የሻሺቱ እግር

ጋሽ ኤርጫፎ ስለ ጤና የማይናገሩበት ቀን ቢኖር ጉንፋን የያዛቸው ቀን ነው፤ እሱም ከስንት ዓመት አንዴ። ሰባ አምስትን ካለፉ በኋላም ጫኖ ካለው ማሳቸው የሙዝ ዘለላ ተሸክመው ቦይ ይሻገራሉ። ሰው ምስጢሩን ሲጠይቃቸው ደስታቸው ወሰን የለውም። «የሽፈራው ቅጠል! በባዶ ሆድ ነጭ ሽንኩርት በማር! ከዚያ መሄድ ነው፤ ዝም ብሎ መሄድ!» ይላሉ። ዘይት የሚያበዛን ሰው ልቅሶ ቤት እንኳ አይምሩትም። የታመመ ሊጠይቁ ሄደው ታማሚውን ገሥጸው የሚመለሱ ሰው ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ያሰለቻሉ። ግን ማን ይከራከራቸዋል? ቁመናቸው ራሱ አፍ ያስይዛል።

ሚስታቸው ሻሺቱ መርሳት ስትጀምርም አልደነገጡም። አንዱን ወጥ ደጋግማ ጨው ጨመረችበት። ልጃቸውን ሰብሊን፣ ድሮ በሞተች በራሷ እኅት ስም ጠራቻት። «ደሟ ወደ ላይ አልወጣ ብሎ ነው» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ፤ መድኃኒቱንም ያውቁታል። ሽፈራውን ከተድቦለቦለ የበቆሎ ሊጥ፣ ከቁርቁፋ ጋር ጠዋትም ማታም አደረጉላት። ጥቁር አዝሙድ በማር ጨመሩ። ከሁሉ በላይ ግን ገና ሳይነጋጋ ይቀሰቅሷትና እጇን ይዘው በመስኖው ቦይ ዳር እስከ አስፋልቱ ድረስ ይወስዷት ጀመር። መጀመሪያ ታለከልክ ነበር። እየዋለ እያደረ እሳቸውን መቅደም ጀመረች። ጉንጯ ሞላ፤ ምርኩዟንም ጣለች። ጋሽ ኤርጫፎ ለጎረቤት ሁሉ አሳዩዋት።

መርሳቱ ግን ባሰባት። ከተማ ወስደው አስመረመሯት። «ልቧም ስኳሯም የወጣት ነው» አላቸው ሐኪሙ። «የያዛት የመርሳት በሽታ ነው። የሚያድነው መድኃኒት የለም፤ እየባሰ ነው የሚሄደው።»

«ሰውነቷ ጤነኛ ከሆነ ታዲያ ምኗ ነው የታመመው?» ብለው ተቆጡ። ሐኪሙ ትዕግሥተኛ ልጅ ነበር፤ እንደገና አስረዳቸው። ጋሽ ኤርጫፎ ቤታቸው ተመልሰው የጠዋቱን መንገድ አስረዘሙት። ምን ያድርጉ? የሚያውቁት ይህንኑ ነው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ የውሃ ተራ ደርሷቸው ማሳ ሲያጠጡ፣ ሻሺቱ ከቤት ወጣች። መንደሩ ተበትኖ ፈለጋት። ጋሽ ኤርጫፎ የቦዩን ውሃ በዱላ እየነካኩ ወረዱ፤ ስሟን ሲጣሩ ድምፃቸው ተዘጋ። የተገኘችው ሲመሻሽ፣ ወደተወለደችበት ወደ ኦቾሎ በሚወስደው ዳገት አጋማሽ ላይ ነበር። ጎረምሳ እንኳ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን የሚሰበስብበት ቦታ ነው። እሷ አላለከለከችም። ይዘዋት የመጡት ሰዎች «ጋሼ፣ እግሯ እኮ ጉድ ነው! የእርስዎ ሥራ ነው!» አሏቸው፤ ማመስገናቸው ነበር። ጋሽ ኤርጫፎ የሚገቡበት ጠፋቸው።

በማግስቱ ሰብሊ መጣች። «አባዬ፣ መንገዱን ተወው። አንድ ቀን ገደል ትገባብናለች። እግሯን ያጠነከርከው እኮ አንተ ነህ» ብላ አለቀሰች። ክፉ አስባ አልነበረም፤ እውነት መሆኑ ግን አንገበገባቸው። በሩ ላይ ሰንሰለት ገባ። ሽፈራው መቅጠፉም ቀረ። ዕድሜ ልካቸውን ብርታት ሲለምኑ የኖሩት ሰውዬ ጸሎት ቤት ተንበርክከው «ጌታ ሆይ፣ ጉልበቷን...» ብለው ጀመሩና ቀሪውን ለመናገር አፈሩ። እንዲደክምላቸው ነበር ሊለምኑ የፈለጉት። የገዛ ሚስቱ እንድትደክም የሚጸልይ ምን ዓይነት ሰው ነው? ማንን ይጠይቁ? ሰው ሁሉ ጥያቄውን ይዞ የሚመጣው ወደ እሳቸው ነበር።

ሻሺቱ አልደከመችም። ጎህ ሲቀድ በራሷ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወደ በሩ ሄደች። ሰንሰለቱን ነቀነቀችው። ጋሽ ኤርጫፎ ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ ጨብጠው ቀረቧት። ዞር ብላ አየቻቸውና በትሕትና እጅ ነሣች።

«አባባ፣ እባክዎ ይክፈቱልኝ።»

«ወዴት ልትሄጂ ነው?»

«ባሌ ይጠብቀኛል። ጠዋት ጠዋት አብረን ነው የምንሄደው። ከቀረሁ ይሠጋል።»

ጋሽ ኤርጫፎ «ባልሽን አውቀዋለሁ» አሉ።

ፊቷ በራ። «ተመስገን! እንግዲያው ሲያገኙት ይንገሩልኝ። ጠልቼው አልቀረሁም፤ አንድ ሽማግሌ ዘግቶብኝ ነው ይበሉት።»

«እነግረዋለሁ» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ።