ኢንተርኔት ላይ ያልነበሩት እናት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። ነቀምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አጠገብህ ያለው ሰው የሚለው አይሰማም፤ ተመራቂዎች ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይሯሯጣሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው "ምንጭህ ምንድን ነው?" ሲል በሰማሁ ቁጥር ሰዓዳና እናቷ ትዝ ይሉኛል።

እኔ በአንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ተመራቂዎች ለጥናታቸው ኢንተርኔት ላይ እንዴት መፈለግ እንዳለባቸው የማሳየውም እኔ ነኝ። "ሰርች ማድረግ ማን ያቅተዋል?" ትሉ ይሆናል። ኑና እዩ! አንዱ ተማሪዬ የመምህሩን ጥያቄ ከነተራ ቁጥሩ፣ ከነማርኩ፣ መጨረሻው ላይ ካለው "መልካም ዕድል" ጋር ገልብጦ መፈለጊያው ላይ ጻፈው። የመጣለት የልደት መልካም ምኞትና የሎተሪ ማስታወቂያ ነበር። እሱም በደንብ አስቦበት የልደቱን ከፈተ።

ብዙዎቹ መጀመሪያ የወጣላቸውን ገጽ ሳያነቡ ይዘው ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሮጣሉ። እዚያ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ ፕላስቲክ ለብሶ ሲወጣ ጥናት ይሆናል። አንድ ጊዜ ማጠቃለያው ውስጥ "ይህን ጽሑፍ ከወደዱት ለጓደኛዎ ያጋሩ" የሚል አግኝቻለሁ።

ተማሪስ ይማራል። እኔን የቸገረኝ መምህሩ ነው። ስሙን ለክብሩ ስል ልተወውና "ዶክተር" ልበለው፤ ገና ባይሆንም ሲጠሩት ደስ ይለዋል። የተመራቂዎችን ጽሑፍ አይቶ የሚፈርመው እሱ ነው። እሱ ዘንድ ሊንክ የሌለው ነገር አልተፈጠረም። ኔትወርክ ጠፍቶ ከተማው ሁሉ በከረመበት ጊዜ እንኳ "ሊንክ አምጡ" ይል ነበር።

ሰዓዳ ተማሪዬ ነበረች። ቤተሰቦቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚሁ ወለጋ፣ አንገር ጉቲን የሰፈሩ ናቸው። አካባቢው ሰላም ካጣ በኋላ ከእናቷ ከእትዬ ዘይነባ ጋር ነቀምት ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። አንድ ትምህርት ቤት "ዲግሪሽን ይዘሽ ነይ፣ እንቀጥርሻለን" ብሏት ነበር። ከተመረቀች እናቷ ገበያ ላይ ሽንኩርት መቸርቸሩን ትተው ያርፋሉ። ካልተመረቀች አያርፉም።

የጥናቷ ርዕስ ሰፋሪዎቹ አንጮቴ መብላትን ከአካባቢው ሰው እንዴት እንደተማሩ ነው። መቼም የወለጋ ሰው አንጮቴን ከሥራ ሥር ሁሉ ያስበልጣል። እትዬ ዘይነባ አዲስ መጥተው ሳሉ እንደ ድንች ልጠው ቀቀሉት። ጎረቤታቸው አዴ ጫልቱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁባቸው፤ አንጮቴ ከነልጣጩ ተቀቅሎ ነው የሚላጠው። ሁለቱ ሴቶች ቋንቋ ሳይግባቡ ድስት አዋደዳቸው። ሰዓዳ ይህን ከእናቷ አፍ ሰምታ፣ ሌሎች እናቶችንም ጠይቃ ጻፈችው። እኔ ያነበብኩት ምራቄን እየዋጥኩ ነው።

ዶክተር ግን መለሰባት።

"ምንጭ የለውም" አላት።

"ምንጬ እናቴ ናት፣ ቲቸር።"

"እናት ምንጭ አትሆንም! ኢንተርኔት ላይ የሌለ ነገር በምን ይታመናል? እስከ ዓርብ አስተካክለሽ ካላመጣሽ ለከርሞ ያድርሰን።"

እንባዋን እየጠረገች እኔ ዘንድ መጣች። አብረን ፈለግን። በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በእንግሊዝኛም፣ ቃሉን እየቀያየርን ሞከርን። ስለ አንጮቴ ጥሩ ጥሩ ጽሑፍ ሞልቷል። ስለ ሰፋሪዎቹ ግን አንድ ገጽ ብቻ ወጣ። የጻፈው ማን እንደሆነ አይታወቅም። አንጮቴን ወደ ወለጋ ያመጡት ሰፋሪዎች ናቸው ይላል! እነዚያ እንደ ድንች የላጡት ሰዎች!

ስህተትም ኢንተርኔት ላይ እንደሚወጣ እንዲያይ ብለን ገጹን ለዶክተር አሳየነው። ፊቱ በራ።

"ጋሪዳ! ጥሩ ነው! ይኸው ተገኘ አይደል? በይ፣ ጽሑፍሽን በዚህ አስተካክይው።"

ሰዓዳ ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ "ለመመረቅ ብዬ እናቴን ውሸታም ላድርጋት?" አለችኝ። ቀጥላም በንዴት፣ "ግን ኢንተርኔት ላይ የሚጽፈው ማን ነው?" ብላ ጠየቀች።

"የፈለገ ሰው" አልኳት።

"እናቴም?"

ተያየን።

በማግስቱ እትዬ ዘይነባ ከገበያ ሲመለሱ ቤታቸው ሄድኩ። እሳቸው ተናገሩ፣ ሰዓዳ ጻፈች፣ እኔ በነጻ የሚከፈት ገጽ ከፍቼ ታሪኩን በራሳቸው ቃልና በራሳቸው ስም አወጣሁት። አንድ ቃል አልዋሸንም። እሳቸው ግን አንድ ነገር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አሉ።

"የአዴ ጫልቱ ስም ይቅደም። ወላሂ፣ እሷ ባትስቅብኝ እኔ ምን አውቅ ነበር?"

አስቀደምናቸው።

ሐሙስ ዕለት ሰዓዳ ጽሑፏን ይዛ ዶክተር ቢሮ ገባች። ጽሑፉ ያው ነው። "እናቴ እንደነገረችኝ" የሚለው ብቻ "ጫልቱና ዘይነባ እንደጻፉት" ሆኗል፤ ከሥሩ ሊንኩ አለ። እኔም አብሬ ገባሁ፤ እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ያመልጠኛል? ዶክተር ሊንኩን በስልኩ ከፈተ፣ በጣቱ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገው፣ ጭንቅላቱን በእርካታ ነቀነቀ።

"ይሄ ነው ምንጭ ማለት! እስካሁን የት ደብቀሽው ነው? ለመሆኑ እነዚህ ተመራማሪዎች የት ነው የሚሠሩት?"

"አንገር ጉቲን፣ ቲቸር።"

"እዚያም ካምፓስ ተከፈተ እንዴ?"

"ቆየ" አለች ሰዓዳ። እኔ ሳል የያዘኝ መስዬ ወጣሁ።

ፈረመላት። ተመረቀች።

በምረቃው ዕለት ዶክተር ጋውኑን አጥልቆ ከወላጆች ጋር ፎቶ ሲነሳ ሰዓዳ እናቷን ይዛ ቀረበች። "ቲቸር፣ ዘይነባ ማለት እሷ ናት፤ እናቴ" አለችው። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ ገባው መሰለኝ፣ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። እኔ ክፉ ነኝና እትዬ ዘይነባ ልክ ልኩን ቢነግሩት ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ቤታችን እኮ ቅርብ ነበር፣ የኔ ጌታ" አሉት። "ጎራ ቢሉ ኖሮ ወሬውንም አወራዎት፣ አንጮቴውንም አበላዎት ነበር።"

ዶክተር ጋውኑን አስተካከለ።

አሁን የእትዬ ዘይነባን ገጽ ለአዲሶቹ ተማሪዎች "አስተማማኝ ምንጭ" እያለ የሚሰጠው እሱ ራሱ ነው። ይህን ለሰው ባወራሁ ቁጥር እስቃለሁ፤ ሰውም ይስቃል። ነገር ግን ከሰዓዳ በፊት ስንት ልጅ ከዚያ ቢሮ ወጥቶ "አባቴ እንደነገረኝ" የሚለውን በገዛ እጁ እንደሰረዘ ሳስብ አንጀቴ ያርራል።